ያልተወለደው ጀግና ጓንቱን ሲሰቅል

እውነተኛው ቤዝቦል ንፉግ ነው። ኒውዮርክ ግዛት፣ ኩፐርስታውን ካለው የታላላቅ ተጫዋቾች የዝና አዳራሽ ለመግባት ተጫዋቹ ቢያንስ 10 የውድድር ዘመን መጫወት፣ ከተሰናበተ በኋላ 5 ዓመት መጠበቅ፣ ከዚያም ከመራጭ ጋዜጠኞች 75 በመቶውን ማሳመን አለበት። ዝነኛው መቺ ቤብ ሩት እንኳ በ1936 (እ.ኤ.አ.) ሲመረጥ ድምፅ የነፈጉት ነበሩ። አንድም መራጭ ሳይቀር የተመረጠው የመጀመሪያው ሰው ማሪያኖ ሪቬራ ነው፤ እሱም በ2019። 83 ዓመት ሙሉ ምቀኝነት!

ይህን ግፍ ያስቀሩልንን የፈጠራ ሊግ፣ ማለትም በኮምፒውተር ብቻ የሚካሄድ ምናባዊ የቤዝቦል ውድድር፣ ባለቤቶች ዕድሜ ይስጥልን። ሃል ሪችማን በ1961 ስትራት ኦ ማቲክ የተባለውን የካርድና የዳይስ ጨዋታ ሲያወጣ ካርዱ ላይ የሰፈሩት በእውን የተጫወቱ ሰዎች ነበሩ። ኋላ ቀር ዘመን! ዛሬ ተጫዋቹን ኮምፒውተር ይፈጥረዋል፣ ኮምፒውተር ያስረጀዋል፤ ጓንቱን በሰቀለበት ምሽት ደግሞ የሕይወት ታሪኩ በሊጉ ባለቤት እጅ ተጽፎ ያድራል። የሊጉ ኮሚሽነር፣ የክለቡ ባለቤት፣ አሰልጣኙ፣ ዘጋቢውና የዝና አዳራሹ መራጭ አንድ ሰው ስለሆነ ድምፁ ሁሌም መቶ በመቶ ነው። ከዚህ በላይ ግልጽ ምርጫ አለ?

ታሪኩማ ሲነበብ አንጀት ይበላል። ፕሮግራሙ ልጁን ሲፈጥረው 18 ዓመቱ ነበር፤ ልጅነት የሚባል ነገር አላየም። ቢሆንም አባቱ ከሥራ ደክመው እየገቡ፣ በጨለማ ኳስ እየወረወሩ አሠልጥነውታል። ከዚያ ያቺ የተረገመች ዕለት መጣች፤ ትከሻው ተጎዳ። «ጉዳቱ ባይኖር ኖሮ» ይላል ጸሐፊያችን፣ የባሪ ቦንድስን የ762 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር አሳልፎ መምታት) ክብረ ወሰን ያልፍ ነበር። ሁለት መቶ እንኳ አልደረሰም፤ ግን «ባይኖር ኖሮ» ላይ ማን ጣሪያ ሠርቶበት ያውቃል!

ጀግናው ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ወርዋሪ ከሆነ ደግሞ አድናቆቴ ይጨምራል። ዝነኛው ወርዋሪ ሳይ ያንግ 511 ጨዋታ አሸንፎ ከ300 በላይ ተሸንፏል፤ ደረቁ መዝገብ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስፍሮታል። በፈጠራው ሊግ ግን ድሉ የወርዋሪው፣ ሽንፈቱ ከኋላው የቆሙት የደካሞቹ ነው። ደካሞቹን ማን አስፈረማቸው? እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ስፖርት አይገባውም።

እኔን በጣም የሚማርከኝ የቁጣው አንቀጽ ነው። ጀግናው 34 ዓመት ሲሞላው ክለቡ በሁለት ወጣት መቺዎች ለወጠው። ጸሐፊው ይህን ሲጽፍ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ «ውለታ ቢሱ አስተዳደር» ይላል፣ «ደም ስሩ የቀዘቀዘ ባለቤት» ይላል፣ ታሪክ ይፋረደዋል ይላል። ባለቤቱም ራሱ ነው፤ ዝውውሩን ያጸደቀው እራት እየበላ ነው። ራሱን በአደባባይ እንዲህ የሚገስጽ፣ ማግስቱን ደግሞ ያለ ጸጸት ሌላ ሽማግሌ የሚሸጥ አመራር በየትኛውም እውነተኛ ሊግ አልታየም።

ስለ ስንብቱ ጨዋታ ብዙ አልልም፤ ተመልካቹ ቆሞ አልቅሷል፣ ሁልጊዜም ያለቅሳል።

በዚሁ ሊግ አሁን አንድ የ38 ዓመት መቺ አለ። ዘንድሮ፣ አይበለውና፣ ጥሩ እየመታ ነው። ውዳሴው ግን ከነስንብት እንባው ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው እሱን ማባረር ብቻ ነው።