ሒሳብ የጠየቀ ሁሉ ክፉ ነው እንዴ?

እስቲ ዛሬ እንኳ ይውጣልኝ! እዚህ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የታመመ ሰው ፎቶ፣ ከሥሩ የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ከዚያ «ሼር ሳታደርግ ብታልፍ ፈጣሪ ይይህ»። ይሁን፣ እንረዳለን። ኩላሊት እጥበት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ስንቱን ቤት እንዳራቆተ እናውቃለን። እኔን የሚያንገበግበኝ ከሰጠን በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው።

የሰፈራችን እድር ዳኛ አያ እከሌ ፊደል አልቆጠሩም። ግን ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ተቆጣጣሪ አለ። የተቀደደ ድንኳን የተሰፋበት ሳይቀር በስብሰባ ይነበባል፣ የቀረ ይቀጣል። «ያ ብር የት ገባ?» ብሎ የተነሳ አባል ቢበዛ «አንተ ደግሞ አታልፍም» ይባል ይሆናል እንጂ መልሱን ያገኛል። ስልክ ላይ በአንድ ሌሊት መቶ ሺህ ሲሰበሰብ ግን ያንኑ ጠይቅና እየው፤ «በሰው ነፍስ ትቀልዳለህ?» ነው መልሱ።

በኢንተርኔት እርዳታ የሚሰበሰብበት የውጭው ድረ ገጽ ጎፈንድሚማ የራሱ ጣጣ አለው። ኢትዮጵያ ገንዘብ ወጪ ከሚደረግባቸው አገሮች ውስጥ ስለሌለች፣ የቢቸናዋ እናት ልጇን ለማሳከም አሜሪካ ያለ የአጎት ልጅ መፈለግ አለባት። እሱም ከሌለ የማታውቀው ሰው ይከፍትላታል፤ ገንዘቡ የሚገባው እሱ ባንክ ነው። ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆረጣል፤ 5 ዶላር ከሰጠህ 45 ሳንቲም ያህሉ መንገድ ላይ ቀረ። ይሄስ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፣ ማንም አንብቦ ያውቀዋል። ዶላሩ ብር ሲሆን ግን በስንት ተመነዘረ? በባንክ ነው በጥቁር ገበያ? ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት እኮ የሁለቱ ልዩነት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ያ ልዩነት ለልጁ ደረሰ ወይስ ሌላ ኪስ ገባ? እናትየው ምን ብላ ትጠይቅ? ከ2015 ክረምት ጀምሮ ሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶብን፣ አገር ሁሉ የተቀባበለውን የገዛ ልጇን ፎቶ ያላየች እናት አለች!

ቲክቶክ ላይቭን ተዉት። «አንበሳ ላኩ፣ ለወገን ነው!» እያሉ ይጮኻሉ፤ አንበሳው በእውነተኛ ገንዘብ ተገዝቶ በላይቭ የሚላክ የስክሪን ስጦታ ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ሶርያ ውስጥ መጠለያ ካምፕ ያሉ ቤተሰቦች በላይቭ ሲለምኑ ተከታትሎ፣ ቲክቶክ ከስጦታው እስከ 70 በመቶ እንደሚወስድ ዘግቧል። እናንተ ለታማሚ የላካችሁት አንበሳ ምን ያህሉ ደረሰ? የሚነግረን የለም።

ባለፈው አንዱ አሰባሳቢ ገጽ ላይ በጨዋ ደንብ «ወንድሜ፣ እስካሁን ስንት ገባ? ሆስፒታሉስ ስንት ጠየቀ?» ብዬ ጻፍኩ። «አንተ ስንት ሰጥተህ ነው?» አለኝ። የላክሁበትን ስክሪንሾት ለጠፍኩለት። ብሎክ! ከሥሩ የነበሩትም «ሰይጣን»፣ «ቅናት ነው» ብለው አወረዱብኝ። አንድም ሰው «እውነት ስንት ገባ?» አላለም።

ታማሚው ቢሞት ደግሞ (ይሞታልም፣ ፈጣሪ ያጽናን) የተረፈው ብር የማን ነው? ጎፈንድሚ ላይ ማጭበርበር ከተገኘ የሰጠ ሰው እስከ ዓመት ድረስ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። በግለሰብ ስም የተከፈተ ሒሳብ ውስጥ የገባው የኔና የናንተ ብርስ? «ነፍስ ይማር» የሚል ፖስት ይለጠፋል፣ ሻማ ይደረግበታል፣ በሳምንቱ በዚያው ሒሳብ ቁጥር ሌላ ታማሚ ይመጣል።

እኔ ከዛሬ ጀምሮ የሐኪም ቦርድ ማስረጃና ከሆስፒታል የተሰጠ የዋጋ ማሳወቂያ ያልተለጠፈበት፣ ሒሳቡም ቢያንስ በሁለት ሰው ፊርማ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ አሥር ብር አልልክም። «ጨካኝ» የምትሉኝ ኮመንቱ ክፍት ነው፣ ግቡ። ስትገቡ ግን ባለፈው የተሰበሰበውን የባንክ ስቴትመንት ይዛችሁ ግቡ።