ይድረስ ለክቡር «ከውጭ ግዙ»

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምር ናፍቆት ብሎ ነገር የለም፣ ትናንት ነው የተገናኘነው፣ አራት ወንድሞችህ ደሞ እናቴ ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፈው ተኝተዋል።

ለማያውቅህ ላስተዋውቅህ። በማስመሪያ የተቀደድህ የወረቀት ቁራጭ ነህ፣ ማህተምህ ግማሹ ከወረቀቱ ወጥቶ ያረፈ፣ ፅሁፍህን ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ ካልሆነ ማንም የማያነበው። ትናንት እናቴ ለግፊቷ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ ካርድ ልታወጣ ተሰለፈች (የጤና መድህን ደብተር አላት፣ መዋጮዋን አንድ ዓመት አሳልፋ አታውቅም)፣ 5 ሰዓት ላይ ሀኪም አያት፣ ልጁ ጨዋ ነው ከልቡ ነው ያያት፣ ከዛ መድሃኒት ቤቱ መስኮት ደረስን እና ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል በቀዳዳዋ አንተን ሰጠችን። «የለም፣ ከውጭ ግዙ።» እናቴም እግዜር ይስጥልኝ ብላ ተቀበለችህ፣ ምን ታድርግ። የውጪው ደሞ ገና ወረቀቷን ሳይዘረጋ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?»

የቦታውን ስም አልጠራም፣ አንተ እንደሆን አንድ ቦታ ብቻ ተቀጥረህ አታውቅም።

የሚያስቀናኝ ግን የማንም ወገን አለመሆንህ ነው። ማታ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን መንግስት ለጤና ምን ሰራ የሚለው ክርክር ተነሳ። ጋሼ፣ ጡረታ የወጡት አጎቴ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች በ1995 ሲጀመሩ አንተ ዳዴ ትል ነበር ብለው ወንድሜ ላይ ወረዱበት፣ በ1992 ከ1000 ህፃን 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላው ይሞት ነበር፣ በ2008 ጥናት 67 ሆነ፣ ይሄ ቀልድ ነው ወይ አሉት። ቀልድ አይደለም። ወንድሜም ታዲያ ግንቦት 2017 ሀኪሞቹ ደሞዙ አልበቃን ብለው ስራ ያቆሙት ጠግበው ነው ወይ አለ፣ ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ተነስቶ በወር ውስጥ 100ን ዘለለ፣ መድሃኒቱ አብዛኛው ከውጪ የሚገባ ነው፣ በማን ዋጋ ይመጣል አለ።

እዚህ ጋ ነው የበራልኝ። ለካ አገሪቱ ራሷ አንተን በእጇ ይዛ ነው የምትዞረው! ለእሷም ሰው በመስኮት «ከውጭ ግዢ» ብሏታል ማለት ነው፣ እኛ ወረፋው ሲደርሰን ነው እንጂ። እና ይሄ ሁሉ በየት ከተማ ነው? ጎረቤቷን ደንቢያን ወባ ፈጅቶት በ1947 የህዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ጎንደር ውስጥ፣ ስንቱን ጤና መኮንን ለአገር ያሰለጠነች ከተማ እናቷን ለእንክብል በባጃጅ ስታዞር ትውላለች።

ጋሼን አልቃወምም፣ ቁጥሩ እውነት ነው፣ እሱ ቁጥር ውስጥ የተረፈ ልጅ እዚህም ተቀምጦ ማኪያቶ ይጠጣል። ግን 67 የሚባለው ቁጥር በውሃ አይዋጥም፣ ለእናቴ ጠዋት አንድ ማታ አንድ የተባለላት እሱ አይደለም። ባለፈው የሰሩትን ዛሬ ለጎደለው መደርደሪያ ክዳን ሲያደርጉት ነው ደሜ የሚፈላ፣ የኔ ግፊት ከጨመረ ደሞ ታውቃለህ ወዴት እንደምትልከኝ።

ሂሳብ ተከፍሎ ስንነሳ ጋሼ የኮታቸውን ኪስ ዳበስ ዳበስ አደረጉና ወንድሜን ወደ ጥግ ሳብ አድርገው ምን ቢሉት ጥሩ ነው፣ «አንተ ልጅ፣ በአዘዞ በኩል ስታልፍ እስኪ ይቺን ጠይቅልኝ፣ እዚህ አጥቻት ነው»።

የዛኛው ወንድምህ ማህተም እንኳን ሙሉ ነበር፣ አልዋሽም።

እንግዲህ እናቴ ቀጠሮዋ ሰኞ ነው፣ እንገናኛለን። እስከዛው ቢያንስ የእጅ ፅሁፍህን አስተካክል።

አክባሪህ፣ የካርድ ወረፋ ቁጥር 83

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት (ካርዷ ጠፍቷል ላላችሁን)
ለጋሼ ኮት የውስጥ ኪስ
ለውጪው ፋርማሲ፣ ያለ ደረሰኝ