ነፋሱ ሞተ እንጂ ዝናቡ መች ሞተ

ስለ አውሎ ነፋስ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «የሐሩር አውሎ ነፋስ ከባሕር ወጥቶ የብስ ሲረግጥ ይሞታል» የምትለዋ አልተዋጠችልኝም። ነፋሱስ እውነት ነው፣ ይሞታል። ጉልበቱ ከ26 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ባሕር የሚነሳው እንፋሎት ነው፤ እሱ ሲቋረጥበት ይበተናል። ዝናቡስ? ግንቦት 2010 መኩኑ፣ ጥቅምት 2011 ደግሞ ሉባን የሚባሉት አውሎ ነፋሶች ኦማንና የመን ላይ አረፉ። ሰው ዝር የማይልበት የአሸዋ በረሃ ረጠበ፣ ሣር አበቀለ፣ አንበጣው ማንም ሳያየው ወራት ሙሉ ተራባበት፣ ከዚያ በየመን አድርጎ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ አፍሪካ ቀንድ ገባ።

እኛ እንግዲህ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ቆላው ላይ ነን። ባሕር የምናውቀው በቴሌቪዥን ነው። ጥቅምት 2013 ማሽላው እሸት ይዞ ሳለ ሰማዩ ድንገት በአንበጣ ጠቆረብን። ልጆች ጀሪካን ይደበድባሉ፣ አጎቴ ጅራፍ ያጮኻል፣ እናቴ ነጠላዋን ታራግባለች፣ እሱ እቴ፣ ከአንዱ ማሳ ተነስቶ ሌላው ላይ ያርፋል። ማታ ላይ የእኛ ማሳ ባዶ አገዳ ነበር። (ደብረ ብርሃን ያሉ ዘመዶቻችን ደውለው «ጭስ አጭሱበት» ይሉናል!) አባቴ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ሲለኝ ከኦማን ዝናብ ነው ብዬ ብመልስለት በሳቀብኝ ነበር። ክፍል ሁለት ካላችሁ ይሄንንም ጨምሩበት።