ለምን እንደማይውጠው ማን ጠየቀው?

በምኖርበት በማሳቹሴትስ ግዛት የአእምሮ ሕመምተኛ ሆስፒታል ተኝቶም ቢሆን «ይህን መድኃኒት አልወስድም» ማለት ይችላል። ሩቢ ሮጀርስ የምትባል ታካሚና ሌሎች ሕሙማን የከሰሱበት ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1983 በግዛቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከተወሰነ ወዲህ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር እምቢ ያለን ሰው በግድ ለማስወሰድ ዳኛ ማስፈቀድ ግድ ነው። ዳኛው ሰውየው ለራሱ መወሰን ይችል እንደሆነ ያጣራል። የሚችል ከሆነ እምቢታው ይጸናል። የማይችል ከሆነ ደግሞ አእምሮው ቢረጋለት ኖሮ ምን ይመርጥ እንደነበር ይመረመራል፦ ቀድሞ የተናገረው፣ ሃይማኖቱ፣ ለቤተሰቡ ያለው አሳብ፣ መድኃኒቱ የሚያደርስበት ጉዳት፣ ቢወስድና ባይወስድ የሚገጥመው። በአእምሮ ሕሙማን ክፍል ረዳት ሆኜ ስለምሠራ ሂደቱን አውቀዋለሁ፤ አድካሚ ነው፣ ግን ሰውየው ይጠየቃል።

ዘንድሮ ደሴ ስገባ ያየሁት ሌላ ነው። አክስቴ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ልጇን ክኒን ወቅጣ በአብሽ ትበጠብጥና ማር ትጨምርበታለች፤ ምሬቱ እንዳይታወቅ። ልጁ ብርጭቆውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳና ሥሩን አየ። «እማዬ፣ መጀመሪያ አንቺ ጠጪ» አላት። ጎንጨት አለችለት። እሱ ግን ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከሱቅ ዳቦ እየገዛ ይበላል እንጂ የእሷን እጅ አይቀምስም።

«ምን ላድርግ ልጄ? ሲብስበት በሌሊት ወጥቶ የጦሳን ተራራ ነው የሚይዘው። ጅብ ቢበላብኝስ?» አለችኝ። ምን ይመለስላታል?

ሰኞ ገበያ አጠገብ ሻይ እየጠጣን እሱን ለብቻው ጠየቅኩት። «እጄ» አለኝ። ልብስ ሰፊ ነው። ክኒኑን ሲወስድ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ክር በመርፌ ዓይን ማስገባት ያቅተዋል። ቀጠለና «ደግሞ ርሃቡ። ሞሶቡን ብጨርስ አልጠግብም፤ እናቴ የራሷን ድርሻ እየተወችልኝ ቁጭ ብላ ታየኛለች» አለ።

እንግዲህ ይህ እብደት ነው? እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች እጅ ማንቀጥቀጣቸው፣ ሰውነት ማገተራቸው፣ እንቅልፍ ማብዛታቸው የታወቀ ነው። መጠኑን መቀነስ፣ መድኃኒቱን መለወጥ ወይም መንቀጥቀጡን የሚያስታግስ ሌላ መጨመር ይቻላል። የምግቡም ነገር ቢሆን «መድኃኒቱ ምግብ ይፈልጋል» የሚለውን ሁሉም ቤት ያውቀዋል፤ በቡታጅራ አካባቢ የተደረገ ጥናትም የምግብ እጦት ሕሙማን መድኃኒት እንዲያቋርጡ ከሚያደርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መሆኑን አሳይቷል። የአክስቴ ልጅ ችግር ግን ሐኪም ጆሮ አልደረሰም፤ መድኃኒቱን የምታመጣለት እናቱ ናት፣ እሷም የምታውቀው «እምቢ አለ» የሚለውን ብቻ ነው።

ሕግ የለንም እንዳንል አለን። በ1952 የወጣው የፍትሐብሔር ሕግ በ20ኛው አንቀጹ ማንም ሰው ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ለሕፃንና ለራሱ እንዳይወስን በፍርድ ለተከለከለ ሰው ሞግዚቱ ሊወስንለት ይችላል፤ አዋቂን እንዲያ መከልከል ግን ፍርድ ቤት ይጠይቃል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም የአእምሮ ሕሙማንን ይጨምራል። በየቤታችን ግን አባት፣ ወንድም ወይም ጎረቤት ይበቃል። ክኒን ብቻም አይደለም፤ እጅ እግሩ ታስሮ ጸበል የሚወሰደው፣ ሼህ ዘንድ ዱዓ ሊደረግለት ተጎትቶ የሚሄደው ፈቃዱን የሚጠይቀው የለም። በእምነቱ ወዶ የሄደ ሰው ሌላ ነው፤ እሱን ማንም አይከልክለው።

የአሜሪካው ግን ሙሉ አይምሰላችሁ። መብቱ የተከበረለት ሰው በጥር ብርድ ድልድይ ሥር ካርቶን አንጥፎ ሲያድር አይቻለሁ። እናት ስትደውል «ልጅሽ ካልፈቀደ ልንነግርሽ አንችልም» ትባላለች። አክስቴ በሌሊት በሩ ላይ ተጋድማ ነው የምታድረው፤ እዚያ በሩ ላይ የሚተኛለት የለም። ያንን ፍቅር በአንድ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚተካ የለም፣ እኔም እንዲተካ አልፈልግም።

ደግሞም እምቢ ለማለት መጀመሪያ መድኃኒቱ መኖር አለበት። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ሆስፒታሉ ሲዘረፍ፣ መውሰድ የሚፈልገውም አጣ።

ለአክስቴ አንድ ነገር ለመንኳት፦ በሚቀጥለው ቀጠሮ ልጁ ራሱ ይሂድ፣ ስለ እጁም ራሱ ይናገር፣ እሷ ውጭ ትጠብቅ። ሐኪሞቻችንንም የምለምነው ይህንኑ ነው፤ አስታማሚውን ከመስማታችሁ በፊት ታማሚውን ለብቻው አምስት ደቂቃ ስሙት። ደህና በሆነበት ሰሞን «ሲብስብኝ ይህን መድኃኒት ስጡኝ፣ ያንን አትስጡኝ፣ እገሌን ጥሩልኝ፣ እንዳታስሩኝ» ብሎ በወረቀት ያስፍር፤ እሱም እናቱም ይፈርሙበት፣ ካርዱ ውስጥ ይቀመጥ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሉክ ወረቀት ነው።