ክብር ለጆይስቲኩ

ማክሰኞ ጠዋት አንድ መስኮት ፊት ቆሜ ነበር። የትኛው መስኮት እንደሆነ አልናገርም። ሁላችንም ቆመንበታል። አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቄ ተራዬ ደረሰ። ልጁ ቀና እንኳ ሳይል «ሲስተም የለም» አለኝ።

እኔ ዌብሳይት ሠርቼ የምበላ ሰው ነኝ። ሲስተም ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በመጠኑ አውቃለሁ። ሰርቨር ይተኛል፣ መስመር ይቆረጣል፣ ወይ ደግሞ አንዱ የኔትወርክ ስዊቹን ገመድ ነቅሎ ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል። በተለይ ይሄ ሦስተኛው።

ቢሆንም ሊመሰገን የሚገባውን ማመስገን ያስፈልጋል። «ሲስተም የለም» ሁለት ቃል ናት። ማን አጠፋው? መቼ ይመጣል? ማንን ልጠይቅ? ሁሉንም በአንዴ ትዘጋለች። እንዲህ አጥሮ እንዲህ ብዙ ሥራ የሚያስቀር ኮድ ጽፌ አላውቅም። ከተማችን ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲገባ የተቆረቆረች ናት። አያቶቻችን «ባቡሩ ዘገየ» ሲባሉ ወጥተው ሐዲዱን ያዩ ነበር። እኛ ምኑን እንይ?

ሰበብ የመፍጠር ሙያው ግን መስኮት ጀርባ አልተወለደም። ትምህርት ቤቱን አውቀዋለሁ። ሳቢያን ውስጥ፣ ከቤቴ ጀርባ ያለው ጌም ቤት ነው። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ፕሌይስቴሽን፣ አንድ ቬንትሌተር። ሕጉም አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ኮድ አልሄድ ሲለኝ ማታ ማታ እዚያ እገባለሁ።

እዚያ አንድ ሊቅ አለ። ሽርጡን አገልድሞ ይመጣል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ይሸነፋል። ባለፈው የመጀመሪያው ጎል ሲገባበት ጆይስቲኩን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ እንደ ራጅ መረመረው። «አቦ! ኤክሷ አትሠራም!» ተቀየረለት። ሁለተኛው ገባ። «ይቺ ደግሞ ወደ ግራ ትጎትታለች።»

እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ በሽታ አለ። በአውራ ጣት ከምትገፋው ከአናሎጓ ሥር ያለችው ንክኪ ስትበላ፣ ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ብቻውን መሄድ ይጀምራል። ድሪፍት ይሉታል። የእኛ አቧራም ያግዘዋል። ስለዚህ ባለቤቱ ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሁላችንም ጎንበስ ብለን ቴሌቪዥኑን አፈጠጥንበት። ተጫዋቹ ሜዳው መሐል ቆሟል። ንቅንቅ የለም።

«አሁን ስታዩት ነው» አለ ሊቁ። «እኔ ስይዘው ነው የሚጎትተው።»

ከተጋጣሚው ጋር ጆይስቲክ ተለዋወጡ። ሦስተኛው ገባ። አሁን ቴሌቪዥኑ ነው የሚዘገየው። እዚህም ላይ ጥቂት እውነት አለው፤ አንዳንድ ቴሌቪዥን ምስሉን አሳምራለሁ ብሎ ትንሽ ያዘገየዋል። ጌሙ በሰከንድ 60 ምስል ሲያሳይ አንዷ ምስል 17 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አትሞላም። ሊቁ ኳሷን ያጣት በሦስት ሰከንድ ነው። ደግሞ ተጋጣሚውም የሚያየው ያንኑ ቴሌቪዥን ነው። ግን ማን ይከራከራል? ወደ ሌላ ቴሌቪዥን ተዛወሩ። አራተኛው ገባ።

«ቬንትሌተሩ ለእሱ ብቻ ይነፍሳል፤ የእኔ እጅ አልቦታል።» ቬንትሌተሩ ዞረለት። አምስተኛው። ወንበሩ ዝቅ ይላል። ወንበር ተቀያየሩ። ስድስተኛው። ቡድኑ። ቡድንም ተሰጠው። ልብ በሉ፤ በዚህ ሰዓት ሊቁ የተጋጣሚውን ጆይስቲክ ይዞ፣ በተጋጣሚው ወንበር ላይ፣ በተጋጣሚው ንፋስ፣ በተጋጣሚው ቡድን እየተጫወተ ነው። የራሱ የቀሩት አሥሩ ጣቶቹ ናቸው። ሰባተኛው ገባ።

ሊቁ ዝም ብሎ ጣቶቹን አያቸው። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። እውነቱ ሊመጣ ነው መሰለኝ።

«መብራቱ ከፍ ዝቅ ይላል» አለ።

አፉን ሳይዘጋ መብራት ሄደ። ቤቱ ጨለመ፣ ቬንትሌተሩ እየቀነሰ እየቀነሰ ቆመ። «አላልኳችሁም?» የሚል ድምፅ ከጨለማው ውስጥ መጣ። በዚያች ማታ ማንም አልከፈለም።

ኋላ ቀር ሰዎች ግን እንዲህ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1972 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት የተተከለው ፖንግ የሚባል የቪዲዮ ጌም ማሽን መሥራት አቆመ። የሠራው አል አልኮርን ሄዶ ከፈተው። ለካ የሳንቲሙ ዕቃ ሞልቶ ተርፎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ ሃርቫርድ የነበረው ማርክ 2 የሚባል ኮምፒውተር አስቸገረ። ከፈቱት። ሪሌ በሚሉት የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ አንዲት የእሳት እራት አገኙ፤ አውጥተው መዝገባቸው ላይ በፕላስተር ለጠፏት። አያሳዝኑም? ጊዜያቸውን ከፍቶ በማየት ፈጁት። እኛ ብንሆን እራቷን ሳንረብሽ «ነገ ተመለሱ» ብለን ምሳ እንወጣ ነበር።

የሌላውን ሳወድስ የራሴን መደበቅ ነውር ነው። አምና ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት የቦታ ማስያዣ ገጽ ሠራሁ፤ በአበሻ ቀን አቆጣጠር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደወለ። «ወንድሜ፣ የሠርግ እንግዶች አሉብኝ፤ ገጹ ጳጉሜን አልቀበልም ይላል።»

«ብራውዘርህ ነው» አልኩት። «ያጠራቀመውን ካሽ አጽዳ።»

አጸዳ። መልሶ ደወለ። «እንግዲያው ስልክህ አርጅቷል።» ሰውየው እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ወርዶ አዲስ ስልክ ገዛ። ወላሂ ገዛ። ሦስተኛ ሲደውል ኮዱን ከፈትኩት። ወር ከ1 እስከ 12 ይላል። በ13 ወር ፀጋ አገር ተወልጄ፣ በገዛ እጄ፣ 12። አስተካከልኩና ምን ብዬ መልሼ ደወልኩለት? «ሲስተሙ ነበር፤ አሁን ተስተካክሏል።» አመሰገነኝ።

ስለዚህ ማክሰኞ መስኮቱ ላይ ለመቆጣት ሞራል አልነበረኝም። ዞር ልል ስል ከልጁ ጀርባ ያለውን ባለመስታወት ቁምሳጥን አየሁ። የኮምፒውተሩ ስክሪን ፊቱን ለመስታወቱ ሰጥቷል። አረንጓዴ ጠረጴዛ። ቀይ ሰባት፣ በዝግታ ተጎትቶ፣ ጥቁር ስምንት ላይ አረፈ። ሶሊቴር የሚሉት የካርታ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር የመጣው፣ ሰው ማውስ መጎተት እንዲለምድ ያገለገለው ካርታ። ልጁ ለምዷል። ለሱ ኔትወርክ አያስፈልግም፣ ሰርቨር አያስፈልግም።

ከኋላዬ አንዲት እናት ነበሩ። ከመልካ ጀብዱ ነው የመጡት። ወረቀታቸውን በመሐረብ ጫፍ ቋጥረውታል። ቋጠሮውን ለመፍታት ጣታቸው እምቢ ብሏቸው በጥርሳቸው ፈቱት። ለባጃጅ ተበድረው ሲመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ልጁ ለእሳቸውም ያንኑ ሁለት ቃል ሰጣቸው።

ይሄኔ ቀልዱ አለቀብኝ። ሲስተም መጥፋቱ አያናድደኝም፤ ይጠፋል፣ ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ። የሚያናድደኝ አንድ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ ገመዷን አለማየቱ ነው። ስልክ አንስቶ «መቼ ይመለሳል?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። «እማማ፣ ስልክዎን ይስጡኝ፣ ሲመጣ እደውላለሁ» ለማለት ምን ሲስተም ያስፈልጋል? በዚያ ፀሐይ፣ በብድር ብር፣ ሦስት ቀን! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እዚህ ግን የሚመታው ዳውላውም አይደለም፣ ወረፋ የቆሙት ናቸው።

እሳቸው ግን አልጮኹም። ወረቀቱን መልሰው ቋጠሩ። «ትናንትም የለም፣ ዛሬም የለም» አሉት ልጁን። «ታዲያ እናንተ እዚህ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ቀይ ስድስት ፈላጊ ጥቁር ሰባት ወጣ።

ረቡዕ ተመለስኩ። ሲስተም መጥቷል። ልጁ ግን ሻይ ወጥቷል፤ ከጎኑ ያለችው ልጅ «በእሱ ፓስወርድ ነው የሚከፈተው» አለችኝ። ወንበር ፍለጋ ዞር ስል እማማ ጥጉ ላይ ተቀምጠዋል፣ መሐረባቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። አዩኝና ጠጋ አሉልኝ።

«ደሞ ዛሬ የሌለው ማነው?» አሉኝ።