ሞዴል ተብዬው

የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩትን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሰላው ስፓይስ የተባለው ፕሮግራም «የጊዜ እርምጃው (ስሌቱ ወደፊት የሚራመድበት) ከልክ በላይ አነሰ» ብሎ ቀጥ አለ። ደግ፣ አነሰ እንበል፤ ግን በማን ምክንያት? አንድ የመገናኛ ነጥብ ይጠቁመኛል፤ ጥፋተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ጥግ ተደብቆ ነው የሚገኘው።

ስፓይስ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ ይፋ ከሆነ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1973 ወዲህ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ትልቁን «ኤም» ከትንሹ አይለይም! አንድ ሜጋኦም (አንድ ሚሊዮን ኦም) ለማለት በትልቁ «ኤም» የጻፈ ሰው አንድ ሚሊኦም (የኦም አንድ ሺኛ) ይሰጠዋል። የአንድ ቢሊዮን እጥፍ ልዩነት ነው። ሜጋ የፈለገ «ሜግ» ብሎ መጻፍ አለበት፤ ይህን የሚያስጠነቅቅ መልእክት የለም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የቺፕ አምራቾቹ ሞዴል፣ ማለትም የቺፑን ጠባይ ለስፓይስ የሚገልጸው ፋይል ነው። የኦፕ አምፕ (ሲግናል የሚያጎላ ቺፕ) ሞዴል እግሮች የሚገናኙት በስም ሳይሆን በተራ ነው። ተራው በስዕሉ ላይ ካለው የቺፑ ምልክት ጋር ካልገጠመ ፕሮግራሙ መውጫውን ከኃይል መስመሩ ጋር ያገናኝና ያለ አንዳች ኀፍረት ያሰላል። ፋይሉ አናት ላይ የእግሮቹን ተራ የሚያስረዳ አንዲት መስመር መጻፍ ምን ይገድ ነበር? አንዳንዱ ሞዴል ደግሞ መውጫው ላይ ለተያያዘው ዕቃ ከረንት እየሰጠ ከኃይል ምንጩ ምንም ከረንት አይስብም። ጉልበቱን ከየት አመጣው? ከሰማይ መና ይወርድለታል መሰለኝ።

ኦሲሌተሩንማ (በራሱ የሚወዛወዝ ሲግናል የሚያመነጨውን ሰርኪዩት) ተዉት። በእውነተኛው የሰርኪዩት ሰሌዳ ላይ ወዲያው የሚነሳው ሰርኪዩት እዚህ ጭልጥ ብሎ ይተኛል፤ ትራንዚስተሮቹ ፍጹም መንትዮች ናቸው፣ የሚነቀንቃቸው ኖይዝ (ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ረብሻ) የለም። ስለዚህ ካፓሲተሩን በመነሻ ቮልቴጅ መቆስቆስ የኔ ሥራ ሆኗል። ይባስ ብሎ አንዳንዱ አምራች ሞዴሉን በምስጢር ቆልፎ ያወጣል፤ ስህተቱ ውስጡ ቢሆን እንኳ ከፍቼ ላየው አልችልም።