ቢርገር ሩድን በሜዳሊያ ቁጥር አትመዝኑት

የክረምት ኦሎምፒክን መዝገብ ገልጦ ቢርገር ሩድ የሚለውን ስም ለፈለገ ሰው ሁለት ወርቅና አንድ ብር ይወጣለታል። ሦስቱም በበረዶ ሸርተቴ ዝላይ የተገኙ ናቸው። እንከን አይወጣለትም፣ ጥሩ ውጤት ነው። ከእሱ በላይ የሰበሰቡ ግን ሞልተዋል። እኔን የሚያበሽቀኝ መዝገቡ ያልያዘው ነገር ነው። ይህ ኖርዌያዊ ከሠራቸው ትልልቅ ሥራዎች ሁለቱ እዚያ ውስጥ የሉም።

ሩድ የተወለደው በ1911 (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ኮንግስበርግ በምትባል የብር ማዕድን ከተማ ነው። ቤቱ የዘላይ ቤት ነው። ታላቅ ወንድሙ ሲግሙንድ በ1929፣ ታናሹ አስቢዮርን በ1938 የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። እሱ ራሱ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ወገብን አጥፎ፣ ደረትን ወደ ፊት ደፍቶ አየር ላይ የመተኛት ስልት እስከ ዛሬ በከተማዋ ስም ይጠራል። በ1932 ሌክ ፕላሲድ፣ አሜሪካ ላይ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ሲወስድ ገና 20 ዓመቱ ነበር።

ዋናው ታሪክ ግን የ1936ቱ ኦሎምፒክ ነው። ጋርሚሽ ፓርተንኪርሸን፣ ጀርመን። ሩድ በዝላዩ ብቻ ሳይሆን በአልፓይን፣ ማለትም ከተራራ ቁልቁል በፍጥነት በሚወረድበት ውድድርም ተመዘገበ።

ከሩቅ ለሚያይ ሁለቱም ያው ሸርተቴ ናቸው። ጠጋ ሲሉ ግን ባሕርያቸው ለየቅል ነው። የዘላዩ ተረከዝ አይታሰርም። ጫማው ከፊት ብቻ ተይዞ፣ አየር ላይ ሰውነቱን ሸርተቴው ላይ ይደፋል። ሲያርፍ አንድ እግሩን አስቀድሞ ጉልበቱን ያጥፋል። ዳኞች ርቀቱን ብቻ ሳይሆን አኳኋኑንም ያያሉ። ቁልቁል የሚወርደው ግን ተረከዙ ተጠፍሮ፣ በሸርተቴው ጠርዝ በረዶውን እየነከሰ ነው የሚታጠፈው። ዳኛው ሰዓት ብቻ ነው። ለአንዱ አየር ላይ መቆየት ነጥብ ነው፤ ለሌላው ኪሳራ።

የካቲት 7 ቀን ሩድ ቁልቁለቱን አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣውን ጀርመናዊ ፍራንዝ ፕፍኑርን በ4.4 ሰከንድ ጥሎት ነው የገባው! ዛሬ በመቶኛ ሰከንድ ወርቅና ብር በሚለይበት ስፖርት ይህ ጉድ ነው። ሜዳሊያ ግን አልተሰጠውም። ያኔ የቁልቁለቱና የስላሎሙ (በተተከሉ በሮች መሀል እየተጠማዘዙ የሚወረድበት ውድድር) ውጤት ተደምሮ ነበር የሚሸለመው። ከሁለት ቀን በኋላ በስላሎሙ አንድ በር ሳተ፣ 6 ሰከንድ ቅጣት ተጨመረበት፣ አራተኛ ወጣ። ወርቁን ፕፍኑር ወሰደ። ሩድ የካቲት 16 ወደ ዝላዩ ተመልሶ እንደገና አንደኛ ሆነ።

አንዳንዱ «ያኔ እኮ ጎበዞቹ አልነበሩም» ይላል። እውነት አለው። የሸርተቴ አስተማሪዎች ደመወዝተኛ ናችሁ ተብለው ስለተከለከሉ የኦስትሪያና የስዊዘርላንድ ምርጥ ወንዶች ቀርተዋል። ቢሆንም ሩድ ከኋላው ካስቀራቸው አንዱ ፈረንሳዊው ኤሚል አሌ ነበር። አሌ በዓመቱ በዓለም ሻምፒዮና ቁልቁለቱንም፣ ስላሎሙንም፣ ጥምሩንም ጠራርጎ የወሰደ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ዘላይ ሆኖ መቅደም ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛው ክፍተት የጦርነቱ ነው። ናዚዎች በ1940 ኖርዌይን ሲይዙ ሩድ 28 ዓመቱ ነበር። የአገሪቱ ስፖርተኞች በወራሪው ሥር በሚዘጋጅ ውድድር አንሳተፍም ብለው አደሙ። እንደ ሩድ ያለ ስም ያለው ሰው ቢዘልላቸው ለናዚዎች ትልቅ ፕሮፓጋንዳ ነበር። አልዘለለም። በ1943 ግሪኒ እስር ቤት ገባ። በ1944 ሲፈታም አርፎ አልተቀመጠም፤ ወደ አርበኞቹ ተቀላቅሎ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የሚጥሉትን ጥይት በሸርተቴው እየዞረ ይፈልግና ይደብቅ ጀመር። በመዝገቡ ግን እነዚህ ዓመታት ባዶ ናቸው፤ ሰውየው ቤቱ ተኝቶ የከረመ ነው የሚመስለው።

እኛም አገር ቢሆን ብር ይዞ የመጣን ሯጭ ወርቅ የጣለ አድርጎ የማየት አመል ስላለብን፣ ይህን የምጽፈው ለኖርዌዮች ብቻ አይደለም።

በ1948 ሩድ ስዊዘርላንድ ውስጥ ወደ ሴንት ሞሪትዝ ኦሎምፒክ የሄደው ለማሰልጠን ነበር። የአየሩን መበላሸት ሲያይ ግን ልምድ በሌለው ወጣት ምትክ ራሱ ልዝለል አለ። በ36 ዓመቱ ብር አገኘ። ወርቁን የወሰደውም ያው የኮንግስበርግ ልጅ፣ ፔተር ሁግስተድ ነበር። የቁልቁለት ውድድር ለብቻው ሜዳሊያ የተሰጠውም በዚያው ኦሎምፒክ ነው። የመጀመሪያው ባለወርቅ ተብሎ የተመዘገበው ፈረንሳዊው ኦንሪ ኦሬዬ ሆነ፤ ሩድ ጋርሚሽ ላይ ቁልቁለቱን ካሸነፈ ከ12 ዓመት በኋላ።